ባለ ሦስት መካሪው ተፈታኝ

አንድ ሰው ፈተና እንዳለበት ጎረቤት የሰማ ዕለት ሰፈሩ በሙሉ መምህር ይሆናል። ስትታመሙ እንኳ ሁሉም መድኃኒት አያዝላችሁም፤ አንዳንዱ «እግዜር ይማርህ» ብሎ መንገዱን ይቀጥላል። ለፈተና ስትቀርቡ ግን ዝም ብሎ የሚያልፍ የለም። ፊደል ያልቆጠረው ስለ ጽሕፈት ይመክራችኋል። ከሰፈሩ ወጥቶ የማያውቀው ከፈረንጅ ጋር እንዴት እንደሚነጋገሩ ያስረዳችኋል። ከመካሪው ይልቅ የሚገርመው ግን ተመካሪው ነው። ይህ ሰው ይህን ሁሉ ከየት አወቀው ብሎ አይጠይቅም። እንዴት ይጠይቅ? ፈርቷላ። ፍርሃት የያዘው ሰው የሰጡትን ሁሉ ይቀበላል።

እኔ የፈራሁት በጣሊያን ጊዜ ነው። ዛሬ ሲወራ እንደምሰማው ከሆነ በዚያ ዘመን የፈራሁት እኔ ብቻ ነኝ።

ሃያ አራት ዓመቴ ነበር። ጉለሌ፣ ከእንጦጦ ግርጌ፣ ባሕር ዛፍ መሐል በተሠራች አንዲት ክፍል ቤት ከባለቤቴ ከአስካለ ጋር እኖራለሁ። ከጦርነቱ በፊት በአንድ መሥሪያ ቤት ደብዳቤ ገልባጭ ነበርኩ። ጣሊያን ሲገባ መሥሪያ ቤቱም ተዘጋ፣ ደብዳቤ የሚያጽፉት አለቆቼም ግማሾቹ ጫካ፣ ግማሾቹ ስደት ገቡ። ለእኔ የተረፈኝ ጥሩ የእጅ ጽሕፈት ብቻ ነበር። በጥሩ የእጅ ጽሕፈት ደግሞ ወጥ አይሠራም።

ያን ጊዜ ሥራ የሌለው ወንድ መንገድ ላይ መታየት አልነበረበትም። ወታደሮች ድንገት ይመጡና ሰፈሩን ከበው ወረቀት ይጠይቃሉ። ወረቀት ያለው ያልፋል። የሌለው በከባድ መኪና ተጭኖ ለመንገድ ሥራ ቆላ ይወርዳል። ቆላ ከወረዱት የሰፈራችን ሰዎች ሁለቱ በወባ መሞታቸውን ሰምተናል። አስካለ ደግሞ የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ናት። ስለዚህ የመኪና ድምፅ በሰማሁ ቁጥር ከቤታችን ጀርባ ባሕር ዛፉ ውስጥ እገባለሁ፤ ሲሄዱ እወጣለሁ። እንዲህ ያለው ኑሮ ለጥንቸል ካልሆነ በቀር ለባለትዳር አይመችም።

አንድ ቀን ጠዋት አስካለ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ወሬ ይዛ መጣች። ጣሊያኖቹ ለአገሬው ሰው የንግድ ትምህርት ቤት ሊከፍቱ ነው አለች። ሠላሳ ሰው ይወስዳሉ። ማንበብና መጻፍ የሚችል ሁሉ ይቀርባል፣ ከዚያ አንድ ፈረንጅ ፊት ለፊቱ አስቀምጦ ይጠይቀዋል፣ ያለፈው ማኅተም ያለበት ወረቀት ይሰጠዋል። ስለ ንግዱ ምን እንዳለች አላስታውስም። ጆሮዬ ማኅተም የሚለውን ቃል ከሰማ በኋላ ሥራውን አቁሟል።

የጠላት ትምህርት ቤት መግባት አያሳፍርም ወይ ትሉኝ ይሆናል። ያሳፍራል። ግን እኔ የምሄደው ልማር ሳይሆን ልደበቅ ነው፤ ባሕር ዛፍ ሥር የሚደበቅ ሰው ጥቁር ሰሌዳ ሥር ቢደበቅ ልዩነቱ ምንድን ነው? እንዲህ ብዬ ራሴን አሳመንኩት። ራሴን ማሳመን መቼም አስቸግሮኝ አያውቅም።

ለፈተናው ሁለት ሳምንት ነበረኝ። የመጀመሪያው መካሪዬ በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ አጥሩን ተሻግረው መጡ። ጎረቤታችን ባሻ ደምሴ ናቸው። ባሻ ለስድስት ወር በአንድ የጣሊያን ጦር ሰፈር ወጥ ቤት ድንች ሲልጡ ቆይተው ነበርና፣ የጣሊያንን ጠባይና ቋንቋ ከእሳቸው ወዲያ የሚያውቅ እንደሌለ ያምኑ ነበር። እኛም እናምን ነበር፤ ማን ያጣራል?

ባሻ ትምህርቱን በሰላምታ ጀመሩ። «ፈረንጅ መጀመሪያ የሚያየው እጅህን ነው» አሉኝ። «ገና በሩን እንዳለፍክ ቀኝ እጅህን ወደ ፊት ወደ ላይ ትዘረጋዋለህ። እንደ ዱላ ቀጥ። ካጠፍከው ንቀት ነው፣ ካንቀጠቀጥከው ፍርሃት ነው።»

ባለ አንድ ክፍል ቤት ውስጥ ቀኝ እጃችሁን ሙሉ በሙሉ ለመዘርጋት ሞክራችሁ ታውቃላችሁ? በመጀመሪያው ሙከራ መደርደሪያውን መትቼ ጭልፋውንና ወንፊቱን አወረድኩት። በሁለተኛው የባሻን ቆብ። በሦስተኛው አስካለ ዕቃዋን ሰብስባ ወደ ጓሮ ወጣች።

ቀጥሎ ቋንቋው መጣ። ባሻ አሥር የጣሊያን ቃል ሊያስተምሩኝ ቃል ገቡ፤ አስተማሩኝም። ከአሥሩ ሦስቱ ስለ ድንች ነበሩ። ከቀሩት መካከል ቦንጆርኖ፣ ሲኞሬ፣ ግራጺዬ የሚሉትን፣ ማለትም ደህና ዋሉን፣ ጌታዬንና አመሰግናለሁን፣ በቀላሉ ያዝኳቸው። «ቮይ» ማለት እርስዎ ማለት ነው፤ «ፔርኬ» ማለት ደግሞ ለምን። ይህችን ፔርኬ የምትባል ቃል በጣም ወደድኳት። አፍ ስትሞላ ደስ ትላለች። ባሻ ግን ሲያስተምሩኝ ትንሽ ቅር እያላቸው ነበር። በወጥ ቤቱ ይህችን ቃል የሚናገሩት ጣሊያኖቹ ብቻ ነበሩ አሉኝ፤ ድንች ላጩ ፔርኬ ብሎ አያውቅም።

ሁለተኛው መካሪዬ ሐጂ ኑሩ ናቸው። ሐጂ ከወሎ መጥተው ከሰፈራችን ዝቅ ብሎ ካለው ወንዝ አጠገብ ሱቅ ከከፈቱ ሃያ ዓመት አልፏቸዋል። ጨው፣ ስኳር፣ ሻማ፣ መርፌ ይሸጣሉ። የንግድ ትምህርት ቤት ልገባ ነው ስላቸው ብዙ ሳቁ። ለንግድ ትምህርት ቤት መኖሩን ሰምተው አያውቁም ነበር። ስቀው ሲጨርሱ ግን አዘኑልኝና ሚዛናቸው አጠገብ አስቀመጡኝ።

«ስማ ልጄ» አሉኝ፤ «ንግድ ማለት አንድ ነገር ነው። ሰው ሲጠይቅህ ሊይዝህ ነው። መልስ ከሰጠኸው ያዘህ። ጥያቄውን በጥያቄ ከመለስክለት ግን ማሰብ የሚጀምረው እሱ ነው። አሁን ዝም ብለህ እየኝ።»

ወዲያው አንዲት ሴት መጣች።

«ሐጂ፣ ጨው አለ?»

«ለወጥ ነው ለከብት?»

«ለወጥ ነው።»

«ስንት ነፍስ ታበያለሽ?»

«ሰባት።»

«ታዲያ ይህች ትንሿ ጥቅል መቼ ታደርስሻለች?»

ሴትየዋ ትንሽ አሰብ አደረገችና ትልቁን ጥቅል ይዛ ሄደች። ሐጂ ወደ እኔ ዞሩ። አንድም መልስ አልሰጡም፤ ጨው እንዳለ እንኳ አልተናገሩም። እኔም በዚያች ሰዓት የንግድን ምሥጢር በሙሉ ጨብጬ የተነሣሁ መሰለኝ።

ቤት ስገባ ልምምዱን ጀመርኩ። አስካለ ምሳ ትበላለህ ወይ አለችኝ። አንቺስ ለምን ጠየቅሽኝ አልኳት። በዚያ ቀን ምሳ አልበላሁም።

ሦስተኛዋ መካሪዬ እሷው ናት፤ የመከረችኝም ሳልጠይቃት ነው። ከፈተናው በፊት በነበረው ቀን የብቸኛው ኮቴን ቁልፍ እየሰፋች ሳለ፣ እኔ ደግሞ ክፍሉ መሐል ቆሜ እጄን እየዘረጋሁ «ቦንጆርኖ ሲኞሬ» ስል፣ ቀና ሳትል «እውነቱን ብትነግራቸውስ?» አለችኝ።

«የቱን እውነት?»

«እንዳይወስዱህ ፈርተህ እንደመጣህ።»

«እሱን ብነግራቸው ወዲያው ይወስዱኛላ።»

«እንግዲያው አትንገራቸው» አለች ክሩን በጥርሷ እየበጠሰች። «ግን የሐጂን ነገር ተው። ሐጂ ያን የሚያደርጉት ሱቁ የራሳቸው ስለሆነ ነው።»

ይህን ምክር ያኔ በትክክል ሰምቼው ቢሆን ኖሮ ዛሬ የምነግራችሁ ነገር ባልኖረኝ። ግን እስቲ የሚስቱን ምክር በጊዜው የሰማ ባል አሳዩኝ። መኖሩን አልክድም፤ አላጋጠመኝም ነው የምለው።

ፈተናው ከጊዮርጊስ ዝቅ ብሎ፣ ቀድሞ የአንድ አርመን ነጋዴ መጋዘን በነበረ የድንጋይ ቤት ነበር። ከጉለሌ በእግሬ ስደርስ አርባ የምንሆን ሰዎች ግድግዳ ሥር ተደርድረናል። አንዱ ሲገባ ሁሉም ዝም ይላል፤ ሲወጣ ሁሉም ይከበዋል። ምን ጠየቀህ ሲባል «ስሜንና ለምን እንደመጣሁ» ይላል። ምን መለስክ ሲባል ደግሞ፣ የታላቁን የጣሊያን መንግሥት ሥልጣኔ ለመቅሰም ነው አልኩ ይላል። ቀጣዩም እንደዚያው። ሁላችንም አንድ ዓይነት መልስ ይዘን መጥተናል። ይህን ስሰማ የሐጂ ምክር በዓይኔ ከፍ አለብኝ። ሠላሳ ዘጠኝ ሰው አንድ ዓይነት ዕቃ ዘርግቶ እኔ አርባኛ ብሆን ማን ያየኛል?

ተራዬ ደረሰና ገባሁ። ከጠረጴዛው ኋላ አጭር፣ መላጣ፣ ወፍራም መነጽር ያደረገ ሰው ተቀምጧል። መምህሩ እሱ ራሱ መሆኑን ሰምተናል። በአንድ እጁ ብዕር፣ በሌላው መሐረብ ይዟል፤ የከተማችን ከፍታ አልተስማማውም መሰለኝ አፍንጫው ሲደማ የዋለ ይመስላል። ከጎኑ ከአስመራ የመጣ ወጣት አስተርጓሚ ቆሟል።

በሩን እንዳለፍኩ ቀኝ እጄን ወደ ፊት ወደ ላይ ዘረጋሁ። እንደ ዱላ ቀጥ። ሰውዬው ቀና ብሎ አየኝና አንድ ነገር ተናገረ።

«ጥያቄ ካለህ መጀመሪያ ተቀመጥ ይልሃል» አለኝ አስተርጓሚው።

ተቀመጥኩ። እጄ ግን ወዲያው አልወረደችም፤ ሁለት ሳምንት የሠለጠነች እጅ ናት።

ስሜን ጠየቀኝ። ስምን በጥያቄ መመለስ ከሐጂም በላይ ስለሆነብኝ፣ ታደሰ እባላለሁ አልኩ። ጻፈው። ከዚያ ብዕሩን ሳያነሣ፣ ዓይኑን ከወረቀቱ ሳይነቅል፣ እንደ ሰለቸው ሰው፣ ያችን ጥያቄ ጠየቀ። የሚለው ሁሉ ባይገባኝም መሐሉ ላይ ፔርኬ የምትለዋን ሰማኋት። በደስታ ልቤ ዘለለች። እንደ ዘመድ ነው ያየኋት።

«ወደዚህ ለምን መጣህ ይልሃል» አለኝ አስተርጓሚው።

አሁን እንግዲህ በአንድ ራስ ውስጥ ሁለት መካሪ ሲገናኙ የሚሆነውን ተመልከቱ። ሐጂ ጥያቄውን በጥያቄ መልስ ይሉኛል። ባሻ በጣሊያንኛ ተናገር፣ ያከብርሃል ይሉኛል። እኔ ሁለቱንም አላሳዝን ብዬ፣ አስተርጓሚውን ሳልጠብቅ፣ ደረቴን ነፍቼ፣

«ኤ ቮይ፣ ፔርኬ?» አልኩት።

እርስዎስ ለምን መጡ?

ቃሉ ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው ትርጉሙ የገባኝ። እሱ ስለ ትምህርት ቤቱ ሲጠይቀኝ፣ እኔ ለምን ወደ አገራችን እንደመጣ ጠየቅኩት። ያን ጥያቄ የሚጠይቁት ሰዎች በዚያ ዘመን ጫካ ነበሩ፤ እነሱም ቢሆኑ ጠረጴዛ አጠገብ ተቀምጠው አይደለም የሚጠይቁት። አስተርጓሚው ዓይኑን ጨፈነ። በአማርኛ ተናግሬ ቢሆን ኖሮ ሌላ ነገር ተርጉሞ ያድነኝ ነበር፤ ግን እኔ መዳኛዬን ራሴ ዘግቼዋለሁ። ከውጭ የሚጠብቁት ሰዎች ሳል እንኳ ይሰማኛል። አስካለ ታወሰችኝ፤ ኮቴን ስትሰፋ አቀርቅራ እንደነበረችው። እንግዲህ ለመንገድ ሥራ መወሰድ ቀረ፣ አሁን የሚወስዱኝ ወደ ባሰው ነው አልኩ በልቤ።

ሰውዬው ብዕሩን አስቀመጠ። መነጽሩን አወለቀ። ያለ መነጽር ዓይኖቹ ትንንሽና ቀያይ ነበሩ። መሐረቡን አጣጠፈ፣ ፈታው፣ እንደገና አጣጠፈው። ከዚያ «ፔርኬ» አለ፤ ለእኔ አይደለም፣ ለጠረጴዛው። ቆይቶም «ፔርኬ፣ ፔርኬ» አለ።

ከዚያ መናገር ጀመረ። በመጀመሪያ ቀስ እያለ፣ ኋላ ግን አስተርጓሚው እስኪከተለው አልጠበቀም። በወንዝ ዳር ባለች ትንሽ ከተማ የመዝገብ አያያዝ መምህር ነበርኩ አለ። ተማሪው ተመናመነ። ኢትዮጵያ ብትሄድ ግቢ ያለው ቤትና ማዕረግ ይሰጥሃል አሉት። ሚስቱ ለአንድ ዓመት ብቻ ከሆነ ሂድ አለችው፤ ሦስተኛው ዓመት ተጀመረ። ግቢ ያለው ቤት አላየም፤ የሚኖረው ከሁለት መኮንኖች ጋር ነው፣ ሁለቱም ያንኮራፋሉ። ሴት ልጁ በደብዳቤ ቁመቷን በክር ለክታ ትልክለታለች። ይህን ሲል ከኪሱ የተጠቀለለ ነጭ ክር አወጣና ጠረጴዛው ላይ ዘረጋው። ሦስታችንም ክሩን አየን።

«ከዚህ በኋላ የሚለውን ልተርጉምልህ አልችልም» አለኝ አስተርጓሚው ዝቅ ባለ ድምፅ። «የአገር ቤቱን ሰዎች ስም ነው የሚጠራው።»

አሳዘነኝ ብዬ ብነግራችሁ ትስቁብኛላችሁ፤ ግን አሳዘነኝ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ተናደድኩ። እሱ ቤቱ የናፈቀው ቤቱ ሩቅ ስለሆነ ነው፤ እኛ ግን ቤታችን ውስጥ ተቀምጠን ነበር ቤታችን የሚናፍቀን። የሐጂ ምክር ከዚያ በኋላ ትዝም አላለኝ። ከልቤ ማወቅ ስለፈለግሁ ብቻ፣ አሁን በአማርኛ፣ «ታዲያ ለምን አይመለሱም?» አልኩት።

አስተርጓሚው እኔን አየ፣ በሩን አየ፣ ተረጎመው።

ሰውዬው መሐረቡን ወደ ጎን አደረገ። ከዚያ መነጽሩን አደረገ፣ ክሩን ጠቅልሎ ኪሱ ከተተ፣ በስሜ ትይዩ አንድ ነገር ጽፎ ማኅተሙን ደለቀበት። ወረቀቱን ሲሰጠኝ ተነሥቶ ቆመ።

«አልፈሃል» አለኝ አስተርጓሚው በሩ ድረስ ሲሸኘኝ። «ዛሬ እሱን የጠየቀው ሰው አንተ ብቻ ነህ አለ። ሌሎቹ መለሱለት እንጂ አልጠየቁትም።» በሩን ከመክፈቱ በፊትም ጆሮዬ ሥር ጠጋ ብሎ፣ «አደራህን፣ ሌላ ጣሊያን እንዲህ ብለህ እንዳትጠይቅ። እኔም ሚስት አለችኝ» አለኝ።

ውጭ የነበሩት ከበቡኝ። ግማሽ ሰዓት ሙሉ ምን ሲጠይቅህ ነበር አሉኝ። ምንም አልጠየቀኝም ብላቸው ማን ያምነኛል?

ሰፈር ስደርስ ክብሩን የሚካፈሉ ሁለት ሰዎች ጠበቁኝ። ባሻ ወረቀቱን ገልብጠው አዩትና ሰላምታው ነው ያሳለፈህ አሉ። ሐጂ ደግሞ በጥያቄ መለስክለት ወይ አሉኝ፤ አዎ ስላቸው ማለፌን ሳይሰሙ ወደ ሚዛናቸው ዞሩ። አስካለ ግን ማኅተሙን በጣቷ ነካ አድርጋ፣ ወረቀቱን ከኮቴ የውስጥ ኪስ ውስጥ ከተተችውና ኪሱን ግማሽ ድረስ ሰፋችው።

ትምህርቱ የሚጀመርበት ሰኞ ሠላሳችንም ማልደን ተገኘን። መምህሩ አልመጣም። ማክሰኞም አልመጣም። ሳምንቱን ሙሉ በአርመኑ መጋዘን ተቀምጠን እርስ በርስ ተያየን። በሚቀጥለው ሰኞ ያ አስተርጓሚ ብቻውን መጣና፣ መምህሩ ታምሜያለሁ ብለው አመልክተው ወደ አገራቸው ሄደዋል፣ ምትክ እስኪመጣ ትምህርቱ ለጊዜው ቆሟል አለን። ይህን ሲል ወደ እኔ አላየም፤ ግን እንዳያይ ሲጠነቀቅ አየሁት።

ምትክ አልመጣም። ወረቀታችንን መልሱ ያለን ግን ማንም የለም። እኔም አንዲት ቀን ሳልማር የንግድ ተማሪ ሆኜ ቆየሁ። ወታደር ሲመጣ ባሕር ዛፍ ውስጥ መግባቴን ትቼ ደጄ ላይ ቆሜ ወረቀቴን አሳያለሁ፤ አይተው ያልፋሉ። አስካለ በሰላም ወለደች። ሴት ልጅ ናት። ጠላት እስኪወጣ ድረስም ከቤቴ ሳልለይ አሳደግኋት።

ጠላት ከወጣ በኋላ በየሠርጉና በየለቅሶው ጨዋታው ሁሉ አንድ ሆነ። ይህኛው ሰው ጣሊያን ከድልድይ ላይ መትቶ ጥሏል፣ ያኛው ካምፕ አቃጥሏል። እውነተኞቹ ጀግኖች አብዛኛውን ጊዜ ዝም ነው የሚሉት፤ ቦታው ለሌሎቻችን ክፍት ነበር። አንድ ቀን ከሠርግ ስንመለስ፣ ትንሽ ጠጅም ቀምሼ ነበርና፣ ለአስካለ እንዲህ አልኳት፦ እኔም እኮ ለአገሬ ውያለሁ። አንድ ጥይት ሳልተኩስ፣ ወንበር ላይ ተቀምጬ፣ በአንዲት ጥያቄ ብቻ አንድ ጣሊያን ከነጓዙ ከኢትዮጵያ ምድር አስወጥቻለሁ። ይህን ያደረገ ሌላ ሰው ካለ ይቅረብ።

አስካለ ልጃችንን በጀርባዋ አዝላ ቁልቁለቱን ቀስ ብላ እየወረደች ነበር። ጥቂት ከሄደች በኋላ፣

«አንዱ በአንድ ጥያቄ ከወጣ፣» አለችኝ፣ «የቀሩትን ሳትጠይቃቸው አምስት ዓመት ሙሉ ያስቀመጥካቸው ለምንድን ነው?»